ከቡፌ ወደ ገበያ፦ የብር ማንኪያና ሹካ፣ የፖርሲሊን ስኒና ሰሃን ለነጋዴ እንዴት ይሸጣል?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ሞጣም ሆነ ዳንግላ፣ አሮጌ ቤት ሲፈታ ከቡፌውና ከሣጥኑ የሚወጣው ዕቃ ብዙ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ የጠቆረ ማንኪያ ይወጣል። ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተከበበ ስኒ ይወጣል። ክዳኑ የጠፋ የስኳር ዕቃ ይወጣል። "ይሄ ነገር ዋጋ ይኖረው ይሆን?" ይባላል። መልሱ ሳይገኝ ቆራሌው በር ላይ ይደርሳል።

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከቶ "በግምት ስንት ትወስደዋለህ?" ይላል። በግምት ሲሸጥ ግምቱ የገዢው ነው። የብር ዕቃ በግራም ይሸጣል። ስኒና ሰሃን በሴት፣ ማለትም በሙሉ ስብስብ ይሸጣል። ገበያቸው የተለያየ ነው፤ ነጋዴያቸውም የተለያየ ነው። ሁለቱን ለአንድ ሰው በአንድ ዋጋ ከመስጠት በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ሥራው አንድ ቅዳሜና እሑድ ቢፈጅ ነው።

መጀመሪያ፦ ዕቃው የማን ነው?

የሟች ዕቃ ከሆነ ወራሾች ሁሉ ይወቁት። አንዷ እኅት አዲስ አበባ፣ አንዱ ወንድም አሜሪካ ከሆነ ፎቶውን ላኩላቸውና "ይሸጥ" የሚለውን ቃላቸውን በጽሑፍ ያዙ። በቴሌግራም የተጻፈም ቢሆን ይሁን። ስድስት ማንኪያ የተሸጠበት ገንዘብ ያልቃል፤ "የእናቴን ማንኪያ ማን ሽጡት አለ?" የሚለው ጭቅጭቅ ግን ዓመት አይበቃውም።

አርባው ሳይወጣ ለቅሶ ቤት ደርሶ "ዕቃውን እኔ አነሳላችኋለሁ" የሚል ገዢም አለ። አዘነልን ብላችሁ አትሸጡለት። ቤተሰቡ ደክሞት ዋጋ የማይጠይቅበትን ሰዓት መርጦ ነው የመጣው።

ሌላው ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት ነው። ጽዋ፣ ጻሕል፣ ጽና፣ ጸናጽል፣ የእጅ መስቀል ከሣጥን ቢወጣ ለነጋዴ አይታይም። ለደብሩ አስተዳዳሪ ነው የሚታየው። ጎጃም ውስጥ ገዳምና ደብር የሌለበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ዕቃው በአደራ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። የንጉሣውያን አርማ ወይም የዘውድ ምልክት ያለበት ሰሃንና ማንኪያ ካገኛችሁ ደግሞ መጀመሪያ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ይከለክላል። "ውጭ አገር ገዢ አለኝ" የሚል ደላላ ሲመጣ ይህን አዋጅ አስታውሱ።

ቀጥሎ፦ ጋቢ አንጥፉና ለዩ

መሬት ላይ ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አንጥፉ። ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ስኒ በአንድ ክርን ሊወድቅ ይችላል። ብረታ ብረቱን በአንድ በኩል፣ ስኒና ሰሃኑን በሌላ በኩል፣ ብርጭቆና ብርሌውን ለብቻ አድርጉ።

ከብረቱ ጀምሩ። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይበቃል። ማግኔት ከያዘው ብር አይደለም፤ ወደ ጎን አድርጉት። ካልያዘውም ገና አልተረጋገጠም። ነሐስንም፣ አሉሚኒየምንም፣ ብዙውን ስቴንለስንም ማግኔት አይይዝም።

አሁን የእጀታውን ጀርባ ተመልከቱ። የስልክ ካሜራ ከማጉያ መነጽር አያንስም፤ ፎቶ አንሱና በጣት አስፉት። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ከሺህ ስንት እጁ ንጹሕ ብር እንደሆነ ነው። 800 ካለ ከሺህ ስምንት መቶው ብር ነው፤ የጣሊያንና የጀርመን ዕቃ ላይ የተለመደ ነው። 925 ስተርሊንግ የሚባለው ነው። 835፣ 875፣ 900፣ 916 እና 950ም አሉ። የእንግሊዝ ዕቃ ቁጥር ላይኖረው ይችላል። በቁጥሩ ፈንታ የሚራመድ አንበሳ ይታተምበታል፤ አጠገቡ የከተማው ምልክት ይኖራል። መልሕቅ ከሆነ በርሚንግሃም ነው፣ የነብር ራስ ከሆነ ለንደን ነው። ይህን አንበሳ ከእኛው የይሁዳ አንበሳ ጋር አታምታቱት። መስቀል የያዘው የእኛ አንበሳ ለጌጥ በብዙ ተራ ማንኪያ ላይ ታትሟል፤ ስለ ብሩ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም።

የሚያታልሉትን ምልክቶች ደግሞ ልብ በሉ። ነጋዴ የሚያውቃቸው፣ ሻጭ የማያውቃቸው እነዚህ ናቸው።

90 ወይም 100 የሚል ቁጥር ብቻውን ካለ ቅብ ነው። ቁጥሩ ስለ ንጽሕናው አይናገርም። በጀርመን አሠራር 12 ማንኪያና 12 ሹካ ለመቀባት 90 ግራም ብር ገብቷል ማለት ነው። 900ን አይቶ 90ን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ የሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ካሉ በኒኬል ቅይጥ ላይ የተነከረ ብር ነው። ይህም ቅብ ነው። አልፓካ የሚል ጽሑፍ ያለበት ምንም ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ኢኖክስ ወይም 18 በ10 የሚል ካለ ስቴንለስ ነው።

ባሕር ዳር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፖሊ ቴክኒኩ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲከፈት ከዚያው የመጡ መምህራን ከተማው ውስጥ ኖረዋል። ስለዚህ የሩሲያ ማንኪያ ከአንዳንድ ቤት ቢወጣ አይገርምም። ጀርባው ላይ ኮከብ፣ በኮከቡ ውስጥ መዶሻና ማጭድ፣ አጠገቡም 875 ካለ እውነተኛ ብር ነው። ኤም፣ ኤች እና ጭራ ያላት ዩ የሚመስሉ ሦስት ፊደላት ካሉ ግን የኒኬል ቅይጥ ነው። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፤ የዋጋ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው።

ቅብ ዕቃ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በግራም አይሸጥም ማለት ነው። ሙሉ ሴት ከሆነና ቅቡ ካልተፋቀ ለሆቴልና ለስጦታ ሱቅ ይሸጣል። የማንኪያው ሆድ ላይ ቢጫ ወይም ግራጫ ብቅ ካለ ግን ዋጋው ወርዷል።

ምልክት ከሌለውስ? በውሃ መዝኑት

በአገራችን አንጥረኞች የተሠራ ዕቃ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ድሮ አንጥረኛው ጠገራ ብር፣ ማለትም ማርትሬዛ አቅልጦ ነው የሚሠራው። ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከሺህ 833ቱ ብር ነው። ከእሷ የተሠራ ሙዳይ ወይም ማንኪያም ሌላ ነገር ካልተጨመረበት ከዚያ አይርቅም።

ለማረጋገጥ የግራም አሥረኛ ክፍል የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። ከሌላችሁ ከሚያውቁት ሰው ተዋሱ። ማንኪያውን ደረቁን መዝኑ፤ 62 ግራም መጣ እንበል። ከዚያ ውሃ የያዘ ረዘም ያለ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ማንኪያውን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አንጠልጥሉት። ክሩን በእጃችሁ ያዙት፤ ማንኪያው የብርጭቆውን ወለልም ጎንም አይንካ። ሚዛኑ ትንሽ ቁጥር ያሳያል። 62ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉት።

ሚዛኑ 6 ካሳየ መልሱ 10.3 ነው፤ ይህ ብር ነው። ከ10.1 እስከ 10.4 ያለው ሁሉ ጥሩ ነው። 7.2 ካሳየ 8.6 ይሆናል፤ ነሐስ ወይም የኒኬል ቅይጥ ነው፣ ላዩ ቢቀባም ባይቀባም። 8 ካሳየ ወደ 7.7 ይሆናል፤ ስቴንለስ ነው። የአረፋ ጠብታ ማንኪያው ላይ ከተለጠፈ ቁጥሩ ይዛባልና በጣታችሁ አራግፉት። ይህ ሙከራ ባዶ እጀታ ላለው ቢላ አይሠራም።

ወርቅ ቤት ስትሄዱ ነጋዴው በሞረድ ጫር አድርጎ አሲድ ሊያንጠባጥብበት ይፈልግ ይሆናል። መብቱ ነው። ግን የማይታይ ቦታ ላይ፣ እጀታው ውስጥ በኩል እንዲሆን ንገሩት። ሳንቲም ላይ ግን አትፍቀዱ። የምኒልክ ብር ወይም 1936 የሚል ዓመት ያለበት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሃምሳ ሳንቲም ከዕቃው ጋር ከወጣ ለብቻ አስቀምጡት። ብር አለባቸው፤ ሰብሳቢ ግን ከግራማቸው በላይ ሊከፍል ይችላል። የተሞረደ ወይም የተወለወለ ሳንቲም ሰብሳቢ አይፈልግም።

የብሩን ዋጋ ራሳችሁ አስሉ

ይህን ሳታደርጉ ከቤት አትውጡ። ብር በዓለም ገበያ የሚሸጠው በትሮይ አውንስ ነው፤ አንዱ አውንስ 31.1 ግራም ነው። የዕለቱ ዋጋ ስልክ ላይ ይገኛል።

800 የሚል 12 ማንኪያ አላችሁ እንበል። አንድ ላይ 744 ግራም መጣ። 744ን በ0.8 አባዙት፤ 595 ግራም ንጹሕ ብር ነው። ለ31.1 ስታካፍሉት 19.1 አውንስ ይሆናል። ያንን በዕለቱ የአውንስ ዋጋ፣ ከዚያ በባንክ የዶላር ምንዛሪ አባዙት። የወጣው ጣሪያው ነው። ማንም ነጋዴ ይህን ሙሉውን አይከፍልም፤ ማቅለጫ አለበት፣ ማጣሪያ አለበት፣ ትርፍም መብቱ ነው። ግን ከጣሪያው ስንት እንደወረደ ታውቃላችሁ። ጣሪያውን የማያውቅ ሰው ወለሉ ላይ ይሸጣል።

ቢላውን ከዚህ ሒሳብ አውጡት። የብር ቢላ ብዙውን ጊዜ ስለቱ ስቴንለስ ነው። እጀታው ቀጭን የብር ቅርፊት ሆኖ ውስጡ በሙጫ ወይም ሲሚንቶ በመሰለ ነገር የተሞላ ነው። ሲመዘን ይከብዳል፤ ብሩ ግን ጥቂት ነው። ነጋዴውም ይህን ያውቃል፣ ቢላ ከማንኪያ ጋር ቀላቅላችሁ ካመጣችሁ ሁሉንም በቢላ ዋጋ ሊያወርደው ይፈልጋል።

ስኒና ሰሃን ሌላ ዓለም ነው

እዚህ ግራም አይሠራም። ነጋዴው የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ምንነቱ፣ ሙሉነቱና ጤንነቱ።

ለምንነቱ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ከስኒው ጀርባ ያዙት። ብርሃኑ ለስለስ ብሎ ካለፈና የጣታችሁ ጥላ ከታየ ፖርሲሊን ነው። ምንም ካላለፈ ተራ ሸክላ ነው፣ የቱንም ያህል ቢያምር። ቦን ቻይና የሚባለው ከአጥንት አመድ ጋር የተሠራ ፖርሲሊን ብርሃን በደንብ ያሳልፋል፤ ታቹ ላይም ይጻፍበታል። ነጭ ወተት የሚመስለው የፈረንሳይ አርኮፓል ግን ብርጭቆ ነው። ጠንካራ ነው፣ ለቤት ጥሩ ነው፤ በፖርሲሊን ዋጋ ግን አይጠየቅበትም።

ቀጥሎ ገልብጡት። የፋብሪካው ማኅተም ታቹ ላይ ነው። ቼኮዝሎቫኪያ ካለ አገሪቱ በ1985 ዓ.ም. ለሁለት ስለተከፈለች ዕቃው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ኖሪታኬ የጃፓን ነው። ሰማያዊ መረብ የመሰለ ሥዕልና ጥቃቅን የወርቅ ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ የሌኒንግራዱ የሎሞኖሶቭ ፋብሪካ ሥራ ሊሆን ስለሚችል በችኮላ አትሽጡት። ሁለት የተጣመሩ ሰማያዊ ሰይፎች የጀርመኑ የማይሰን ምልክት ናቸው። ደስ አይበላችሁ፤ በዓለም ላይ አስመስለው ከሚያትሙት ምልክት ዋነኛው እሱ ነው።

ሙሉነቱን ለማወቅ ቁጠሩ። የቡና ወይም የሻይ ሴት ማለት ስድስት ስኒ፣ ስድስት ማስቀመጫ ሰሃን፣ ማንቆርቆሪያ ከነክዳኑ፣ የስኳር ዕቃ ከነክዳኑና የወተት ዕቃ ነው። አምስት ስኒና ስድስት ሰሃን ካለ "አንድ ብቻ ነው የጎደለው" ትላላችሁ፤ ነጋዴው "ሴቱ ፈርሷል" ይላል። እውነቱን ነው፤ ስድስተኛውን ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ጓዳውን ፈትሹ። የጎደለው ስኒ የጨው ዕቃ ሆኖ የተቀመጠበት ቤት አይጠፋም።

ጤንነቱን ለማወቅ ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ጥፍራችሁን በጠርዙ ዙሪያ አዙሩት። ዓይን ያላየውን ስብራት ጥፍር ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ ስኒውን በመዳፋችሁ ላይ አስቀምጡና በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያለበትን ከሴቱ አውጡት ወይም ለነጋዴው አስቀድማችሁ አሳዩት። ራሱ ካገኘው ግን ሌላውንም ሁሉ ይጠራጠራል። ሙጫ ደግሞ አትንኩ፤ የተጣበቀ ክዳን ከተሰበረ ክዳን ባነሰ ዋጋ ነው የሚሄደው።

አጸዳዳው ላይ ቀለል በሉ

ለብ ያለ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። በቃ። አመድ፣ አሸዋና የሽቦ እስፖንጅ ብሩን ይፍቁታል። ቅብ ከሆነማ ጨርሶ ያወልቁታል። ለስኒ በረኪና አትጠቀሙ፤ የወርቅ ጠርዙ የተቀባው ከስኒው የሚያብረቀርቅ ሽፋን በላይ ነው፣ ይለቃል። የሻይ ቡናማ እድፍ በቤኪንግ ሶዳና በጣት ይወጣል።

ብር የሚጠቁረው አየር ውስጥ ባለው ድኝ ነው፤ እንቁላልና ሽንኩርትም ያጠቁሩታል። መልኩን መመለስ የግድ ካስፈለገ ሳፋ ውስጥ የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፉ፣ ሙቅ ውሃ ሙሉ፣ ለአንድ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩና ብሩ ፎይሉን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የተበላሸ እንቁላል ቢሸታችሁ እየሠራ ነው። ቢላ ግን አታስገቡ፤ የእጀታው ሙጫ ይለቃል። በቅርጹ ስንጥቅ ውስጥ ሆን ተብሎ የተተወ ጥቁረት ያለበት የእጅ ሥራም አታስገቡ። እኔ ብጠየቅ ምንም አታድርጉበት ባይ ነኝ። ጠቁሮ የመጣ ብር ነጋዴውን አያስፈራውም፣ የተፋቀ ብር ግን ያስፈራዋል።

ለማን ይሸጣል?

ቆራሌና ልዋጭ የሚጠሩት ለተሰነጠቀ ብረት ድስት፣ ለአሉሚኒየምና ለተጣመመ ስቴንለስ ነው። ለእሱ ጥሩ ናቸው። ፖርሲሊን ሰጥቶ የፕላስቲክ ሳፋ መለወጥ ግን ይብቃን።

ብር በግራም የሚገዙት ወርቅ ቤቶችና አንጥረኞች ናቸው። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ላይ አሉ። ቢያንስ ሦስቱ ጋ በአንድ ቀን ግቡ፤ ዋጋው በየቀኑ ስለሚለዋወጥ የትናንቱን ከዛሬው ማወዳደር ዋጋ የለውም። ትልቅ መጠን ካላችሁ አዲስ አበባ ፒያሳ ያሉት ብዙ ስለሆኑ ፉክክር አለ።

ለስኒና ለሰሃን ነጋዴው ሌላ ነው። ሶፋና ቡፌ የሚገዙ የሚሸጡ ያገለገለ ዕቃ ነጋዴዎች ከቡፌው ጋር ሴቱንም ይወስዳሉ። ባሕር ዳር ላይ ቱሪስት የሚገባባቸው የቅርሳ ቅርስ ሱቆች የአገር ውስጥ ብርና ያረጀ የሚመስል ዕቃ ይወዳሉ። አንዳንዶቹ በኮሚሽን ይቀበላሉ፤ ዕቃው ሲሸጥ ነው የሚከፍሉት። ይህን ከመረጣችሁ ስንት ወር እንደሚያቆዩትና ቢሰበር ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ አስቀምጡ።

ሰው የማያስባቸው ሁለት ገዢዎች አሉ። አንደኛው የሰርግ ዕቃ አከራይ ነው። ለእሱ ብርም ወርቅም ግድ የለውም፤ ብዛትና ተመሳሳይነት ነው የሚፈልገው። ሃምሳ አንድ ዓይነት ሰሃን ወይም ስቴንለስ ሹካ ካላችሁ ከማንም የተሻለ ይከፍላል። ወደ እሱ የሚኬደው ከጥር ሰርግ በፊት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ወይም ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲል። ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ ስለሌለ ዕቃ አይገዛም። ሁለተኛዋ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ናት። ከፈረሰ የስኒ ሴት የተረፈ፣ ጆሮ የሌለው ትንሽ ስኒ ለእሷ ሥራ ይሠራል። አንዱ ከአንዱ ባይመሳሰልም አትጨነቅም።

ውጭ አገር ዘመድ ላላቸው አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በ1981 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሪፕሌስመንትስ የሚባል ድርጅት አለ። ሥራው ከሰው የዕቃ ሴት ውስጥ የጎደለውን ስኒ ወይም ሹካ በሥዕሉ ስም ፈልጎ መሸጥ ነው። ለእንዲህ ያለ ገዢ የፈረሰ ሴትም ዋጋ አለው፤ እንዲያውም የሚፈልገው ያንን ነው። ከጎጃም ስኒ ጭኖ መላክ አያዋጣም። ግን ዘመዳችሁ እዚያው ያለ ዕቃ ካለው፣ ወይም የእናንተን ሥዕል ስም ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ የታቹን ማኅተምና የፊቱን ሥዕል ፎቶ አንስታችሁ በኢንተርኔት ማወዳደር ይጠቅማል። የሥዕሉን ስም ይዞ የመጣን ሻጭ ነጋዴ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ዋጋ ሲጠራ

ፎቶ ቀድማችሁ በቴሌግራም ላኩ። በረንዳ ላይ፣ በጠዋት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሱት። አንድ ፎቶ ሙሉው ሴት፣ አንድ የታቹ ማኅተም፣ አንድ ጉድለት ያለበት ቦታ። ጉድለቱን ያሳየ ሻጭ ሱቅ ሲደርስ የሚቀነስበት ምክንያት አይኖርም።

ሱቅ ስትገቡ ብሩንና ስኒውን በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ አታውጡ። ንግግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው፦

"እማማ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ልውሰድልዎት። አንድ ዋጋ ይንገሩኝ።"

"አይ ልጄ፣ ማንኪያው በሚዛን ነው። ስኒው ለብቻው ነው። መጀመሪያ ማንኪያውን እንጨርስ።"

"ይሄ እኮ ቅብ ነው።"

"ቅብ ከሆነ ለምን ፈለግኸው? ጀርባው ላይ 800 ይላል። እስቲ ሚዛንህን አምጣው።"

ሚዛኑ ሲመጣ ባዶውን ዜሮ እንደሚያሳይ እዩ። ማርትሬዛ ካለቻችሁ አብራችሁ ያዟት፤ 28 ግራም ገደማ ካላለ ሚዛኑ ችግር አለበት። ቤት የመዘናችሁት ቁጥር ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።

ለብር "በግራም ስንት ትገዛለህ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የጠቅላላውን ዋጋ አትጠይቁ። ለስኒ ደግሞ መጀመሪያ ዋጋ የሚጠራው ነጋዴው ይሁን። እሱ ከሚሸጥበት ግማሹን ከሰጣችሁ ክፉ አይደለም። የሱቅ ኪራይ አለበት፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ስድስት ወር ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ በጣም ካነሰ "ቆይ፣ ሌላም ላሳየው" ብላችሁ ሰብስቡ። ብዙ ጊዜ ዋጋው የሚጨምረው ካርቶኑ ሲዘጋ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው ለቀማ ነው። ነጋዴው ማንቆርቆሪያውንና ሁለት የተዋቡ ሰሃኖች ብቻ መርጦ "ይሄን ልውሰድ" ይላል። ጥሩውን ከወሰደ የቀረው ሴት አይደለም። ሙሉውን ይውሰድ፤ ካልሆነም ለመረጠው ዕቃ የሙሉውን ያህል ይክፈል።

ክፍያና ወረቀት

በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ ነጋዴው የሚያሳያችሁ ስክሪን ሾት ደረሰኝ አይደለም። የሐሰት ደረሰኝ መሥሪያ ሞልቷል። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን ሳታዩ ዕቃ አታስረክቡ።

አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ፦ ቀን፣ የሁለታችሁ ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የዕቃው ዝርዝር፣ ዋጋው፣ ፊርማ፣ ከተቻለ ሁለት ምስክር። ነጋዴውም ይፈልገዋል፤ የተሰረቀ ዕቃ ገዛህ ተብሎ እንዳይጠየቅ። መታወቂያ ማሳየት የማይፈልግ ገዢ ከሆነ ግን ሌላ ጋ ሂዱ።

ወደ አዲስ አበባ ከሆነ

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጀን አልፎ የአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ይመጣል። አስተሻሸጉን የሚፈትነው እሱ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮች አጣሩና ከዚያ አሽጉ።

ሰሃን ተኝቶ አይጫንም፤ በጠርዙ ቆሞ ነው የሚጫነው፣ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ እንደሚቆመው። በእያንዳንዱ መሃል የታጠፈ ጋዜጣ ይግባ። ስኒ በስኒ ውስጥ አይደረብ። ክዳን ለብቻው ይጠቅለል። የካርቶኑ ታችና ጎን ላይ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቁበት፤ ካርቶኑን ስትነቀንቁት ምንም ድምፅ መስማት የለባችሁም። ብሩን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉ። በላስቲክ ማሰሪያ አትሰሩት፤ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ድኝ ጥቁር መስመር ይተውበታል።

ካርቶኑ አውቶቡሱ አናት ላይ አይጫን፤ ከእግራችሁ ሥር ይሁን። ብሩን ከስኒው ጋር አትጫኑ፣ በእጅ ቦርሳ ከእናንተ ጋር ይሂድ። ስትደርሱ ካርቶኑን ነጋዴው ፊት ፍቱና ከዝርዝሩ ጋር አንድ በአንድ ቁጠሩ። በመንገድ የተሰበረ ካለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት አውጥታችሁ ለብቻው አስቀምጡት።